ለሐረር ዳገት የምትሆን መኪና

ሐረርን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጎበኝ እንግዳ «መኪና ግርግር የሚባል መንገድ አለ» ሲሉት በጡሩምባ የሚናወጥ አውራ ጎዳና ይጠብቃል። ከፈረስ መጋላ ተነሥቶ ወደ ጊዲር መጋላ ሲወርድ የሚያገኘው ግን ግራና ቀኙን ልብስ ሰፊዎች የተደረደሩበት ጠባብ የእግር መንገድ ነው። ስሙ የወጣው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ጨርቅዎን ይሰጣሉ፤ ገበያዎን ጨርሰው ሲመለሱ ተሰፍቶ ይጠብቅዎታል።

ከሰፊዎቹ አንዳንዶቹ የሚረግጧት መኪና በዕድሜ ትበልጣቸዋለች። እስካሁን የምትሠራው ብረቷ ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይደለም። መርፌዋ ቢሰበር፣ ቀበቶዋ ቢበጠስ መለዋወጫውም ጠጋኙም እዚያው ሰፈር ስላሉ ነው። ባለፈው ዓመት እኔና ቤተሰቤ ባለ አራት ጎማዋን መኪና ለመለወጥ ስንመክር ይህ ነገር ደጋግሞ ወደ ሐሳቤ ይመጣ ነበር። ዛሬ የማወጋችሁ ስለዚሁ ነው፤ መኪና ስለመምረጥ፣ በዚያውም ስለ ሐረር።

ጀጎል ለመኪና የተሠራ ከተማ አይደለም። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው። አምስቱ ጥንታዊ በሮች የተበጁት ለእግረኛ፣ ለአህያ፣ ለበቅሎና ለግመል ነው። ዛሬ መኪና የሚገባበት ሐረር በር ከእነሱ በኋላ የተከፈተ ነው። ከእሱ ቀጥ ያለው መንገድ ፈረስ መጋላ ያደርሳል፤ ስሙ እንደሚናገረው ቀድሞ የፈረስ ገበያ የነበረ ቦታ። ከዚያ ወዲያ መኪና የሚያልፍባቸው መንገዶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የቀሩት ከ300 የሚበልጡ መተላለፊያዎች የእግረኛ ናቸው። በአንዳንዱ ሁለት ሰው ከተገናኘ አንዱ ግድግዳ ተጠግቶ ሌላውን ያሳልፋል። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ከነግንቡና ከነዚህ መተላለፊያዎቹ ነው።

የእኛ ቤት ከእነዚህ መተላለፊያዎች በአንዱ ውስጥ ነው። መኪና ደጃችን አይደርስም። መንገድ ዳር እናቆምና የቀረውን በእግር እንገባለን። ለጤነኛ ሰው ሁለት ደቂቃ ነው፤ ለባለቤቴ ሩብ ሰዓት ይፈጃል።

ከነርስነት ሥራ በጡረታ ከተገለልኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ባለቤቴ የስኳር ሕመምተኛ ነው። ከአራት ዓመት በፊት እግሩ ላይ የወጣ ቁስል አልድን ብሎ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል። አሁን በሰው ሠራሽ እግርና በምርኩዝ ይሄዳል። ዓይኑንም ስኳሩ ስለነካው የሚከታተሉት ሐኪም ድሬዳዋ ናቸው። ስለዚህ መኪና ለእኛ ቤት የክብር ዕቃ አይደለችም። እንደ መድኃኒቱ ሁሉ በሰዓቱ መገኘት ያለባት ነገር ናት።

የነበረችን መኪና ግን በሰዓቱ አትገኝም ነበር። ማርኳን አልጠራም፤ ሌላ አገር፣ በሌላ ሰው እጅ ደህና ትሆን ይሆናል። ከአውሮፓ የመጣች፣ መቀመጫዋ የሚመች፣ ቀለሟም የሚያምር ነበረች። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ የውኃ ፖምፓ፣ ሁለት ራዲያተርና አንድ የቴስታታ ጋርኒሲዮን ለውጠንላታል። መለዋወጫው ሐረር የለም፤ ድሬዳዋም የለም። አዲስ አበባ ተፈልጎ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በሰው በሰው ተጉዞ ይደርሳል፤ ደርሶም አንዳንዴ ልኩ አይሆንም። ብዙ ነገሯ በኮምፒውተር የሚታዘዝ በመሆኑ ቢጫዋ መብራት ስትበራ የሰፈራችን መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት ያያትና «አቦ ሲስተር፣ ይቺ የሚያናግራት ማሽን ትፈልጋለች» ብሎ መልሶ ይዘጋዋል።

የመጨረሻው ቀን የመጣው በግንቦት፣ ከድሬዳዋ ስንመለስ ነው። መንገዱን ለማያውቅ ልንገረው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐረር 1,900 ሜትር ትጠጋለች። መሐላቸው ያለው መንገድ ግን በቀስታ የሚወጣ አይደለም። ደንገጎ ላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ይሰቀልና ከዚያ በሐረማያና በአወዳይ አድርጎ ወደ ሐረር ይወርዳል። ከጂቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ሐረርን ትቶ፣ ዛሬ ድሬዳዋ የሆነውን ሜዳ የመረጠው ይህን ተራራ ፈርቶ ነው። ባቡር የፈራውን ዳገት መኪናችን በግንቦት ፀሐይ ልትወጣው ነበር።

ከግማሽ በላይ ወጥተን የሙቀቱ ቀስት ወደ ቀዩ ሄደ፤ ወዲያው ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ። ቆምን። ባለቤቴ ጠዋት ኢንሱሊኑን ወስዷል፤ የምሳ ሰዓቱም እየደረሰ ነው። ኢንሱሊን የወሰደ ሰው ምግቡ ከዘገየ ስኳሩ ይወርዳል፤ ሲወርድም ጊዜ አይሰጥም። ላብ ላብ ሲለውና ንግግሩ ሲጎተት አየሁ። ከቦርሳዬ የማይጠፉትን ቴምርና ስኳር ሰጠሁት። ሩብ ሰዓት ጠብቄ ስመረምረው መለስ ብሏል። የተረፈው ኢንሱሊን ያለበት የበረዶ ዕቃ ግን በፀሐይ እየሞቀ ነበር። ሌላ ሦስት ሰዓት ያህል እዚያው ቆየን። በመጨረሻ ጫቱን አራግፎ የሚመለስ የአይሱዙ ሾፌር ቆመና ባለቤቴን ጋቢና አስገብቶ ሐረር አደረሰን። «አቦ እናቴ፣ ይቺን መኪና ሽጫትና ፍየል ግዢ» አለኝ። ባለቤቴ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ከሐረር ወደ ሐኪም መሄድ የጥንትም ፈተና ነው። በራምቦ ቤት አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር የማስበው ግጥሙን ሳይሆን ጉልበቱን ነው። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ሐረር ነጋዴ ሆኖ ሲኖር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1891 መጀመሪያ ቀኝ ጉልበቱ አብጦ መራመድ አቃተው። ራሱ ባሠራው ቃሬዛ ላይ ተጋድሞ፣ 16 ተሸካሚዎች ቀጥሮ፣ እስከ ዘይላ ወደብ ድረስ አሥራ ሁለት ቀን ያህል ተጓዘ። ማርሴይ ሲደርስ እግሩ ተቆረጠ፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ሞተ። በሽታው ካንሰር ስለነበር ፈጥኖ መድረስ ያድነው ነበር ለማለት አልደፍርም። ግን እግሩን የታመመ ሰው በዚያ መንገድ ላይ ምን እንደሚሰማው ከባለቤቴ ፊት ላይ አንብቤዋለሁ።

በዚያው ሳምንት ቤተሰቡ ተሰበሰበ። አዲስ አበባ ያለው ልጃችን በስልክ ገባ፤ ሴት ልጃችንና ባሏ ከሸንኮር መጡ። ሁሉም የሚሻለውን ማርክ ይዞ መጥቷል። እኔ ግን ከማርኩ በፊት ስለ ፔጆ ማውራት ፈለግሁ።

ሐረርን ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት የሚያውቅ ሰው የፔጆ 404 ታክሲዎችን አይረሳም። ይህች መኪና በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1960 ጀምሮ የተሠራች ናት። በምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ የመኪና ውድድርም በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፋለች። ፈረንሳይ ውስጥ መሥራቷ በ1975 ቢቆምም እኛ ጋ ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሆና ኖራለች። ፋብሪካዋ የረሳትን መኪና ሐረር ለምን አልረሳትም? ጠንካራ መሆኗ አንድ ነገር ነው። ዋናው ግን ከተማው ሙሉ የእሷ ሐኪም መሆኑ ነበር። ጋራዥ የገባ ልጅ ሁሉ የሚማረው በእሷ ነው። ከሞተችው ፔጆ የወጣው ዕቃ ላልሞተችው ይገባል፤ የጠፋውን ደግሞ ባለ ቶርኖው ቀርጾ ያወጣዋል። በሥራ ዘመኔ በሌሊት ምጥ የያዛት እናት ይዤ የተሳፈርኩባቸው ፔጆዎች በራቸው በሽቦ የታሰረ ነበር፤ መንገድ ላይ ጥላኝ የቆመች ግን አላስታውስም። በኋላ ባጃጅ መጥቶ ቦታዋን ወሰደ፤ ከተማውም ቀስ በቀስ የባጃጅ ሐኪም ሆነ።

በጤና ተቋምም ያው ነው። ከውጭ በእርዳታ የመጣ ድንቅ መሣሪያ አንዲት ትንሽ ዕቃ ጠፍታበት ጨርቅ ለብሶ ጥግ ይቀመጣል። አጠገቡ በአሮጌው የደም ግፊት መለኪያ ሥራው ይቀጥላል። የአሮጌው ላስቲክ ቢቀደድ የሚቀይረው ሰው አለና። አስተማማኝነት ዕቃው ውስጥ ብቻ የሚገኝ ጠባይ አይደለም። ግማሹ ዕቃው ያለበት አገር ነው። ለቤተሰቡ ያልኩት ይህንን ነው፦ «ጥሩዋ መኪና የትኛዋ ናት?» ከማለት «ለሐረር የምትሆነው የትኛዋ ናት?» እንበል።

ሦስት መንገድ ነበረን። አንደኛው መኪና ሳይገዙ መኖር ነው። ሴት ልጄ ይህን አጥብቃ ተከራከረች፤ ተራ ሐሳብም አልነበረም። ከተማ ውስጥ ባጃጅ ይሻላል፤ መኪና ከሚቆምበት አልፎ ወደ ቤታችን ይጠጋል። ለድሬዳዋ ደግሞ በወር አንድ ቀን ኮንትራት መያዝ ይቻላል። ደብተር ይዤ ደመርኩት። ለኮንትራቱ የምናወጣው፣ መኪናችን በጥገና ከምትበላው ያንስ ነበር። ወደ ኋላ ያስቀረን ሌሊቱ ነው። የስኳር ሕመምተኛ በሌሊት ቢወድቅ፣ የደወልኩለት ሾፌር ስልኩን ያነሣ ይሆን ወይ እያልኩ መተኛት አልችልም። ይህን ስል ልጄም ዝም አለች።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። የወንዱ ልጃችን ምርጫ ይህ ነበር፤ ምክንያቱም በቂ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ ግብር ጣለ። በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር አይገቡም አለ። የኤሌክትሪኮቹ ቀረጥ በአንጻሩ ተቀንሷል። ለዳገት እንኳ ይመቻሉ። የነዳጅ ሞተር አየር ሲሳሳ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ የኤሌክትሪኩን ግን ከፍታ አያደክመውም። ከደንገጎ ሲወርድም ባትሪውን መልሶ ይሞላል። የሚፈላ ራዲያተር የለ፣ የሚቃጠል ጋርኒሲዮን የለ።

አዲስ አበባ ብኖር ኖሮ እሱን እገዛ ነበር። እዚህ ግን የባትሪ መሙያው ቤታችን መሆን አለበት፤ መኪናችን ደግሞ የምታድረው ከቤት ርቃ፣ መንገድ ዳር ነው። ሽቦ በሰው ደጅ አሳልፌ አልዘረጋ! መብራትም ይጠፋል። የከተማችን መካኒኮችም ገና ያልለመዱት ነገር ነው። ልጄን «አንተ ግዛው፤ አሥር ዓመት ቆይቶ ሐረርም ሐኪሙ ይሆናል» አልኩት። ከልቤ ነው ያልኩት።

የቀረው ሦስተኛው፣ ያገለገለች የጃፓን ትንሽ መኪና ነበረ። እዚህ ላይ ወሬ ከመስማት ብዬ ሦስት ጋራዥ ዞርኩ። ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቅሁት። በሳምንት ውስጥ አዘውትረህ የምትሠራት የትኛዋን ነው? ዓርብ ከሰዓት የውኃ ፖምፓዋ ቢሰበር ሰኞ እነዳታለሁ? ባለቤቴ በመጀመሪያው ጥያቄ ሳቀብኝ። «ቶሎ ቶሎ ጋራዥ የምትገባውን ልትገዢ ነው?» አለኝ። አይደለም። ነርስ በደንብ የምታክመው አዘውትራ የምታየውን በሽታ ነው። ሦስቱም ጋራዦች ቪትዝንና ኮሮላን ጠሩ። ለሁለተኛው ጥያቄ አንደኛው ሽማግሌ መካኒክ «ሰኞ ለምን? ቅዳሜ ጠዋት ድሬዳዋ ልኬ አስመጣለሁ» አሉኝ። መልሴን አገኘሁ።

ዋጋው ቀላል አልነበረም። አዲስ የነዳጅ መኪና መግባቱ ሲቆምና ብር ሲዳከም ያገለገለ መኪና እንደ ወርቅ ሆኗል፤ ትንሿ ቪትዝ እንኳ ሚሊዮን ብርን ከተሻገረች ቆይታለች። አሮጌዋን ሸጥን፤ ገዢውን ችግሯን አንድ በአንድ ነግረነዋል። እሱም አዲስ አበባ የሚኖርና የራሱ ጋራዥ ያለው ሰው ነበር። የእቁባችን ዕጣ ተጨመረ፤ ልጆቹም አገዙ። እንዲህ የተጠራቀመ ገንዘብ ይዞ የሚገዛ ሰው ሁለት ጊዜ አያገኘውምና ፍለጋው ሁለት ወር ፈጀ።

ስለ መኪና ምርመራ የተማርኩትን ልናገር፤ ከሕመምተኛ ምርመራ ብዙ አይርቅም። በመጀመሪያ ታሪኳን ጠይቁ፤ ማን ነዳት፣ የት ነዳት፣ ለምን ይሸጣታል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብቻ አትመኑ፤ ወደ ኋላ ይመለሳልና። የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ አልቆ፣ መሪው ተልጦ ሳለ ቆጣሪው ጥቂት ካሳየ አንዱ ይዋሻል። ሁለተኛ፣ ሻጩ ሳያሞቃት በጠዋት ድረሱባትና እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ። ሞቃ ከጠበቀቻችሁ የሚደበቅ ነገር ሊኖር ይችላል። ስትነሣ ጢሷን እዩ፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላች ነው፣ ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቶባታል፣ ነጩ ጢስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ ውኃ ወደ ሞተር እየገባ ነው። የዘይት መክደኛውን ከፍታችሁ ከሥሩ ወተት የመሰለ ነገር ካያችሁ ሂሳቡን ተዉትና ወደ ቤታችሁ ሂዱ። በመጨረሻ ሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር መኪናዋ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለባት ከመንገድ ትራንስፖርት አረጋግጡ። ይህን ሁሉ የሚያይላችሁ መካኒክ ደግሞ የእናንተ ይሁን፤ ደላላው ያመጣውን አትቀበሉ።

ለእኛ አንድ ተጨማሪ ምርመራ ነበረ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይዤ የመቀመጫዎችን ከፍታ ለካሁ። ሰው ሠራሽ እግር ያለው ሰው ዝቅ ካለ መቀመጫ ሲነሣ ሸክሙ ሁሉ በጤነኛው ጉልበቱ ላይ ይወድቃል፤ መቀመጫው ከጉልበቱ ከፍታ ካነሰ በየቀኑ ይሰቃያል። የምናያቸው አሮጌ ኮሮላዎች ለባለቤቴ ዝቅ አሉበት። ቪትዟ ከፍ ያለች ናት፤ በሯም ሰፋ ብሎ ይከፈታል። ሻጮቹ መቀመጫ የምትለካ አሮጊት አይተው አያውቁምና ተገረሙ። ከቪትዝም 1,000 ሲሲዋን ትተን 1,300 ሲሲዋን መረጥን። አዲስ አበባ ሜዳ ላይ ልዩነቱ ብዙ ላይታይ ይችላል፤ ደንገጎ ላይ ግን አራት ሰው ይዞ የሚወጣ ያውቀዋል። ቀብድ ከመክፈላችን በፊት ሻጩን አሳምነን፣ መካኒካችንን ይዘን ያንኑ ዳገት በቀትር ወጣናት። የሙቀቱ ቀስት ከመሐል ንቅንቅ አላለም።

ከገዛናት ስምንት ወር ሆነ። የድሬዳዋ ቀጠሮ አንድም ቀን አላለፈንም። አንድ ጊዜ የፊት ኩሽኔታዋ ጮኸ፤ ጠዋት ገብታ ከሰዓት ወጣች። እንከን የላትም ማለቴ አይደለም። ዕቃ መጫኛዋ ጠባብ ስለሆነ ተሽከርካሪ ወንበሩን ለማስገባት የኋላውን መቀመጫ ማጠፍ ግድ ነው። ረዥም መንገድ ላይም ታንገጫግጫለች። መንገድ ዳር አቁመን እስከ ቤት ያለው ሩብ ሰዓትም አልተለወጠም፤ እሱን መኪና አይለውጠውም። የሰፈራችን ልጆች ግን ባለቤቴን ሲያዩ ሮጠው ትከሻቸውን ይሰጡታል። ይህንንም ከመኪናው ሂሳብ ጋር ነው የምደምረው።

አንባቢዎቼ ሁላችሁም ሐረር አትኖሩም። ጎንደር የሚኖር የራሱ ዳገት አለው፤ ጋምቤላ የሚኖር የራሱ ሙቀትና ጭቃ አለው። ስለዚህ የእኔን ምርጫ አትቅዱ፤ ጥያቄውን ግን ውሰዱት። ሻጩ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት የከተማችሁን ጋራዦች ዙሩ። ዓርብ ከሰዓት ብትሰበር መቼ እንደምትነሣ ጠይቁ። ሦስት ሰው አንድ መልስ ከሰጣችሁ፣ ማርኳን ከተማችሁ መርጦላችኋል።